የጉንዳን መንገድና የአቼቶ ጨርቅ

ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ፋና ወደ ኩሽና ስትገባ ጉንዳኖች ቀድመዋት ሥራ ጀምረው ነበር። ከጓሮው በር ሥር ወጥተው፣ የግድግዳውን ጥግ ይዘው፣ በምድጃው ጎን ዞረው፣ ስኳሩ እስካለበት መደርደሪያ ድረስ ተሰልፈዋል። ጥቃቅን ናቸው፤ ቀልጠፍ ቀልጠፍ ይላሉ። ፋና ደግሞ በኩሽናዋ ቀልድ አታውቅም። ወዲያው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የተባይ መርጫውን አንስታ በላያቸው ላይ ልታርከፈክፍ ስትል፣

"ላ፣ ላ! አስቀምጪው!" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። አሠሪዋ ማዳም ጁወይሪያ ናት።

ማዳም በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። መምህርነቷን ግን ትምህርት ቤት ትታው የምትመጣ ዓይነት ሰው አይደለችም። ሩዝ ሲበስል ስለ ሩዝ፣ ሲያስነጥሳት ስለ አፍንጫ ማስተማር ትጀምራለች። ፋና ዐረብኛውን ግማሹን የለቀመችው ከዚህ ትምህርት ነው። ያን ቀን ተራው የጉንዳን ሆነ። ማዳም ዓባያዋን እንደለበሰች ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለችና ፋናንም አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ይቺን እያት። ምግብ አግኝታ እየተመለሰች ነው። ስትመለስ በሆዷ ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ እያደረገች ትሄዳለች። እኔና አንቺ የማናሸተው ሽታ ነው የምታስቀምጠው። ቀጥላ የምትመጣው በቀንዶቿ እያሸተተች ትከተላታለች። እሷም ምግብ ካገኘች ስትመለስ በዚያው ላይ ትጨምርበታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ መንገዱ ይጠነክራል።"

"አለቃቸው የቷ ናት?" አለች ፋና።

"አለቃ ማፊ፤ የለም። የሚመራቸው መንገዱ ራሱ ነው።"

ማዳም ጣቷን አርጥባ ከሰልፉ መሀል ወለሉን አሸት አደረገችው። እዚያ የደረሰችው ጉንዳን ቀጥ ብላ ቆመች፤ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ዞራ ተመለሰች። ከኋላዋ የመጡትም እንደዚያው ግራ ገባቸው። ጣት በማታህል ቦታ ላይ ከወዲያም ከወዲህም ተከማችተው ይርመሰመሱ ጀመር። ፋና ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት።

"መርጫው ያየሻቸውን ብቻ ይገድላል፤ መንገዱ ስለሚቀር ሌሎች ይመጣሉ። አቼቶ በውኃ አቅጥነሽ መንገዱን በጨርቅ ጥረጊው፤ ስኳሩንም ክደኚው። የሚወስዱት ነገር ሲያጡ ሽታውን የሚያድሰው የለም፤ በራሱ በኖ ይጠፋል" አለችና ማዳም ተነስታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፋና እንደተባለችው አደረገች። ጉንዳኖቹም ከኩሽናው ጠፉ። ማዳም በዚያ ጠዋት ያስተማረችው ትምህርት ዞሮ በራሷ ቤት ምን እንደሚያመጣ ግን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ፋና የመካነ ሰላም ልጅ ናት። አል ኹበር አል-ጀኑቢያ ያለው ይህ ቤት በሳዑዲ ምድር ሁለተኛ ቤቷ ነው። የመጀመሪያው ደማም፣ አል አዳማ ውስጥ ነበር፤ ስለዚያ ቤት ብዙ ማውራት አትወድም። አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮዋ አይወጣም። በሁዳዴ ጾም የሥጋ ሾርባ ጨው እንድትቀምስ ያዟት ነበር። ሳትቀምስ ቀርታ ጨው ከበዛ ቁጣው አይቻልም፤ ትቀምስና ሮጣ ትተፋዋለች፤ አፏን ደጋግማ ትጉመጠመጣለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምላሷ የሰው ምላስ ይመስል ሲያስጠላት ይውላል።

እዚህ ቤት በመጣች በመጀመሪያው ሁዳዴ ያንኑ ፈርታ ማንኪያውን ይዛ ድስቱ ላይ ቆማ ነበር። ማማ ሉልዋ አዩአት። ማማ ሉልዋ የማዳም ባል እናት ናቸው፤ እሳቸውን መንከባከብ የፋና ዋና ሥራ ነው። መደገፊያ ብረታቸውን እየገፉ መጡና፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አሏት። "ሲያም" አለቻቸው፤ ጾም ነኝ ማለቷ ነው። አሮጊቷ ወደ ድስቱ ተጠጉ። ማንኪያውን ከእጇ ተቀበሏት፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡና "ጨው ይቀረዋል" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየሁዳዴው ማማ ሉልዋ የፋና ምላስ ሆኑ። ሁልጊዜ የሚሉት ግን አንድ ነው፤ "ጨው ይቀረዋል።" በሁዳዴ የዚያ ቤት ሰው ጨው በዝቶበት ውኃ ሲጠጣ ነው የሚያመሸው። ፋና ይህን ብታውቅም አንድም ቀን አልተከራከረቻቸውም።

ማማ ሉልዋ ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋቸው ፋና ናት። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተከታትለው ነበር የገቡት፤ ሐኪሙ ግን ማማ ሉልዋ እንዳይጾሙ ከለከላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጾሙ ኖረው ሰው ሁሉ በጾመበት ወር ቁርስ ሲቀርብላቸው አለቀሱ። በዚያ ሰሞን ነው ፋናን የጠየቋት።

"ያንቺ መግሪብ ስንት ሰዓት ነው? የምታፈጥሪው መቼ ነው?"

ፋና ነገሩን በዚያ ስብርባሪ ዐረብኛዋ እንዴት ታስረዳ? ሥጋና ወተት ቅቤና እንቁላል እንደማትበላ፣ ምስሩንና ዳቦውን ግን እንደምትበላ፣ ጾሙም በየቀኑ ሳይሆን በፋሲካ እንደሚፈታ መናገር ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን፣ "መግሪብ ማፊ፣ ማማ። ሐምሳ አምስት ቀን" የሚል ነው።

ማማ ሉልዋ አፍጥጠው አዩአት። "ሱብሐነላህ" አሉና ጉንጯን ዳበስ አደረጓት። ፋና የገባቸው መሰላት። ምስሯን የምትበላው ከሰዓት በኋላ፣ አሮጊቷ ሲያሸልቡ፣ በክፍሏ ሆና ነው። በዒድ ሰሞን ባስቡሳውና ማሙሉ፣ የበዓሉ ጣፋጭ ሁሉ፣ በትሪ ሲዞር ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ሲያም" እያለች ሁሉንም መለሰች፤ ቅቤ አለበታ።

ከዒድ በኋላ ማዳም ማማ ሉልዋን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ "ሃይ፣ ቬሪ ሃይ" አለ። የከረመውን ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ከፍ ብሏል፤ እንዲህ ከቀጠለ ለእግራቸውም ለዓይናቸውም ያሰጋል። ማዳም ቤት ሲደርሱ ፋናን ወደ ኩሽና ጠራቻትና በሩን ዘጋች።

"ፋና፣ እወድሻለሁ። ግን ይህች ሴትዮ ያለችው በእጅሽ ነው። ወይ መድኃኒቱን በትክክል አትሰጫትም፣ ወይ የማይሆን ነገር ትበላለች። ሌላ ምን አለ? እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ ነርስነት የተማረች አመጣለሁ፤ አንቺን ወደ መክተብ እመልስሻለሁ። ኸላስ።"

መክተብ ማለት ሠራተኛ የሚያስቀጥረው ቢሮ ነው። ከዚያ ሌላ ቤት ይልኩሻል፤ ካልሆነም ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትተው ወደ አገርሽ ይሸኙሻል። ፋና ሰማይ የተደፋባት መሰላት። አገሯን ጠልታ አይደለም፤ ሥራ ፈርታም አይደለም። የፈራችው ሌላ አል አዳማ ነው፤ ሌላ ድስት፣ ሌላ ማንኪያ። እንዲህ ምላሱን የሚያውሳት ሰው ሁለተኛ አታገኝም።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከማማ ሉልዋ ሳህን ላይ አልነቀለችም። ሩዙን በጭልፋ እየለካች፣ ሻዩን ያለ ስኳር እያፈላች፣ መርፌውን በሰዓቱ እየወጋች ሰነበተች። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወግታ በመለኪያው ስታየው ግን ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነባት።

አንድ ቀን ኮሪደሩን ስትወለውል ጉንዳኖቹን እንደገና አገኘቻቸው። አሁን ወደ ስኳሩ አልነበረም የሚሄዱት። ከጓሮው በር ገብተው፣ ኩሽናውን ትተው፣ የኮሪደሩን ጥግ ይዘው፣ በማማ ሉልዋ በር ሥር ሹልክ እያሉ ይገባሉ። የሚመለሱት አፋቸው ላይ ነጭ ነጭ ፍርፋሪ ይዘዋል። ፋና በሩን ገፋ አድርጋ በጉልበቷ እየሄደች ተከተለቻቸው። ሰልፉ በምንጣፉ ዳር አልፎ ከአልጋው ሥር ገባና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ወጣ። ማማ ሉልዋ ዱሮ የስፌት ክር የሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ነው።

ቀና ስትል ከአሮጊቷ ዓይን ጋር ተጋጠመች። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

"ፋና" አሉ ቀስ ብለው፣ "ማፊ ከላም።" ምንም እንዳትናገሪ ማለታቸው ነው።

የሰው ሣጥን መክፈት አላደገችበትም። ደግሞስ መክፈት ለምን ያስፈልጋል? ነገሩ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነው። ማማ ሉልዋ ጣፋጭ እየደበቁ ይበላሉ። ከየት እንደሚያመጡት ባታውቅም የስኳሩ መልስ ያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሮጣ ሄዳ ለማዳም መናገር ነበረባት። ሠራተኛ ነገር ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምታስበው ግን "ማን ይጠየቃል?" ብላ ነው። ጣፋጩ የተገኘው እሷ በምትጠርገው ክፍል፣ እሷ በምታነጥፈው አልጋ ሥር ነው። ከዚህም ሌላ፣ እነዚያ ዓይኖች ለምነዋታል። እኚያ ሴት በልጃቸው ሚስት ፊት እንደ ሕፃን ሲገሠጹ ማየት አንጀቷ አልቻለም። ፍርሃቱ የቱ ጋ አልቆ ፍቅሩ የቱ ጋ እንደጀመረ ለራሷም አልተለየላትም።

የአቼቶውን ጨርቅ አመጣችና ከክፍሉ ጀምራ እስከ ኮሪደሩ አጋማሽ ድረስ መንገዱን ጠረገችው።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ጠረገች። በሌላውም ቀን እንደዚያው። ማዳም ከትምህርት ቤት ከመመለሷ በፊት መጥረግ የቀኑ ሥራዋ አካል ሆነ። ከጉንዳኖቹ ግን ቢያንስ አንዷ በሆነ ቀዳዳ ዞራ ቆርቆሮውን ታገኘዋለች፤ ስትመለስ መንገዱን ታሰምረዋለች፤ ከዚያ ሌሎቹ ይጎርፋሉ። እየጠረገች ስታያቸው ሐሳብ ይዟት ይሄዳል። መካነ ሰላምንና ኹበርን ምን አገናኛቸው? መጀመሪያ ፈለቀች የምትባል ጎረቤታቸው ሄደች። ስትመለስ እጇ ላይ ወርቅ ነበር፤ የእናቷም ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። በዓመቱ የፈለቀች እህት ሄደች፤ ቀጥላ እታለም፤ ቀጥላ ፋና። ሂዱ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ፈለቀች ያየችውን ሁሉ አልተናገረችም፤ ይዛ የመጣችውን ብቻ ነው ያሳየችው። እሷም፣ ፋና ራሷ፣ ለቤተሰቧ ፎቶ ስትልክ አንድም ጊዜ ድስቱን ይዛ ስታለቅስ የተነሳችውን አልላከችም። እንግዲህ እሷም መንገዱ ላይ የራሷን ጨምራበታለች። ይህን ስታስብ እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ይከብዳታል።

ነገሩ ሲያስጨንቃት ለእታለም ደወለች። እታለም አል አዳማ ነው የምትሠራው፤ ምክር ላይ አትሰስትም፤ ድምፅ ላይም እንዲሁ።

"አንቺ ልጅ ሙሽኪላና ጣጣ ሲያምርሽ ነው! ዛሬውኑ ለማዳምሽ ንገሪያት።"

"ሴትዮዋስ? ተዋርደው ሊቀሩ?"

"ሴትዮዋ እናትሽ ናቸው? ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ገደላቸው ሊባል ነው? አንቺ! ያበሻዋ ልጅ ነው የሚሉት። ማን ያምንሻል?"

"እሳቸው እኮ ጨው ይቀምሱልኛል፣ እታለም።"

የእታለም ድምፅ ዝቅ አለ። ዝቅ ሲል ያን ጊዜ የመጀመሪያው መሆን አለበት። "እሱስ እውነትሽን ነው" አለች። "ግን ስኳር ነው የሚበሉት እህቴ። መደበቅሽ ለእሳቸውም አይበጅም።"

ይህ ንግግር ከፋና ጆሮ አልወጣም። እንቅልፍ የሚነሳት የመባረሩ ነገር ነበር፤ አሁን ደግሞ የማማ ሉልዋ እግር ተጨመረ። ልብሳቸውን ስታለብሳቸው ጣታቸውን አገላብጣ ታያለች፤ ቁስል እንዳይኖር። ነገ እናገራለሁ ትላለች። ነገም ይነጋል፤ ጨርቋን ታነሳለች።

በሆሳዕና ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ፣ ማዳም ፈተና አስፈትና በጊዜ ተመለሰች። ፋና ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ስሟ ሲጠራ በድምፁ ብቻ ነገር እንዳለ ገባት። ማዳም ኮሪደሩ መሀል ላይ ዓባያዋን ሰብስባ ቁጢጥ ብላለች። ፊት ለፊቷ ጉንዳኖች አንድ ቦታ ላይ ተከማችተው ይርመሰመሳሉ።

"እነዚህ እዚህ ጋ ምን ነካቸው?"

"አላወቅሁም፣ ማዳም።"

"እኔ አውቃለሁ። ጉንዳን ባዶ ወለል ላይ ያለ ምክንያት አትቆምም። መንገዳቸውን የጠረገ ሰው አለ።" ወለሉን በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተች። አቼቶ ነው። "ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ ፋና። ኩሽናውን ለመጥረግ ነበር ያስተማርኩሽ። እዚህ ምን ስትጠርጊ ነበር?"

መልስ ሳትጠብቅ ማዳም ወለሉን እያየች ጥቂት ሄደች። የተጠረገው ካበቃበት ወዲያ፣ በማማ ሉልዋ በር ሥር፣ መንገድ የጠፋባቸው ሁለት ሦስት ጉንዳኖች ነጭ ፍርፋሪ ተሸክመው ይዞራሉ። ማዳም በሩን ከፈተችው፤ አልጋው ሥር እጇን ሰደደች፤ ቆርቆሮውን አወጣችው።

ማማ ሉልዋ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ተቀምጠዋል። ክዳኑ ሲከፈት ጉንዳኑ ገንፍሎ ወጣ። ውስጡ በሶፍት የተጠቀለለ ጣፋጭ ጢም ብሏል፤ ባስቡሳ፣ ማሙል፣ ሐላዋ። አንዳንዱ ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል።

"አንቺ ነሽ!" አለች ማዳም ወደ ፋና ዞራ። "ታበያታለሽ፤ ከዚያ ዱካውን ትጠርጊያለሽ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል አይደል? እግሯ ይቆረጥ?"

"ወላሂ፣ ማዳም..." አለች ፋና። የለቀመችው ዐረብኛ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ብን ብሎ ጠፋባት። "ማዳም... እኔ... ማማ..." የቀረውን መናገር ማማን አሳልፋ መስጠት ነውና አፏ እምቢ አላት።

"ዕቃሽን ሰብስቢ። አሁን ወደ መክተብ እደውላለሁ።"

በዚህ መሀል የውጭው በር ተከፍቶ ባባ መንሱር ገባ። ባባ መንሱር የማማ ሉልዋ ልጅ፣ የማዳም ባል ነው። ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ በአንድ ፋብሪካ መሐንዲስ ሲሆን ዘወትር ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው እናቱ ክፍል ነው። ግንባራቸውን ስሞ፣ ጥቂት ተቀምጦ ይወጣል። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቆርቆሮውን አየ። ሚስቱን አየ። ቀኝ እጁ በረጅም ቀሚሱ፣ በቶቡ፣ ኪስ ውስጥ እንዳለ ነው።

"እይ የእናትህን ነገር!" አለችው ማዳም። "ስኳሩ ለምን እንዳልወረደ አሁን አወቅን። ፋና ናት።"

"ፋና አይደለችም" አሉ ማማ ሉልዋ።

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?" አለቻቸው ማዳም።

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ልጃቸውን ቀና ብለው እንኳን አላዩትም፤ መቁጠሪያውን ብቻ ትር ትር ያደርጋሉ። ፋና ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። እሷ ስለ አሮጊቷ ዝም ብላለች፤ አሮጊቷ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ዝም ብለዋል። ለካ መንገድ ስትጠርግ የኖረችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ዓይኗ ወደ ባባ ኪስ ሄደ። ቀና ስትል እሱም እያያት ነው። እንድትናገር ፈርቶ ይሁን እንድትናገርለት ፈልጎ አላወቀችም። ፋና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰችና ዕቃዋን ልትሰበስብ እርምጃ ጀመረች።

"ቆይ" አለ ባባ መንሱር።

እጁን ከኪሱ አወጣ። በሶፍት የተጠቀለለ አንድ ማሙል ነው። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ሶፍቱ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳሉት ሁሉ የጣፋጭ ቤት አረንጓዴ ማኅተም አለበት።

"እኔ ነኝ" አለ። ጢማሙ ሰውዬ እንደ ተማሪ ቀላ። "መጾም ተከለከለች፤ ታለቅስ ነበር። አንዲት ብታመጣልኝ ብላ ለመነችኝ። አንዲት ምን ትጎዳታለች ብዬ... ከዚያ በየቀኑ ሆነ። አንቺን ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።"

ማዳም መሐንዲስ ባሏን አየች፤ ቆርቆሮውን አየች። ከዚያ ያው መምህርነቷ ቀሰቀሳት መሰል አንዱን ሶፍት ፈታች። ሌላም ፈታች። ሦስተኛውን ፈታች።

"ይህ ለምንድን ነው ሁሉም ግማሽ ግማሽ የሆነው?"

"ግማሹን እኔ በልቼዋለሁ" አሉ ማማ ሉልዋ። "ግማሹ የፋና ነው።"

"የፋና?"

"ልጅቷ ጾመኛ ናት። የእነሱ ጾም መግሪብ የለውም፤ ሐምሳ አምስት ቀን ነው፤ ራሷ ነግራኛለች። ዒዱ መጣ፣ ሁላችሁም በላችሁ፣ እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ አየች። እኔ መጾም ተከልክያለሁ። ጾመኛን ያስፈጠረ ደግሞ ከምንዳዋ ይካፈላል። መግሪቧ የደረሰ ቀን እኔ አስፈጥራታለሁ ብዬ አስቀመጥኩላት።" ቆርቆሮውን በአገጫቸው አሳዩ። "ጉንዳኖቹ ቀደሟት።"

ፋና እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ጨርቋን ይዛ ስትጠርግ የአሮጊቷን ጥፋት የምትደብቅ መስሏት ነበር። ስትጠርገው የኖረችው ለእሷ የተቀመጠውን ነው። ከግማሾቹ ጎን የጠፉት ግማሾች ደግሞ የማማ ሉልዋ ሆድ ገብተው እግራቸውን ሊያሳጧቸው ነበር፤ እሷም እያወቀች ዝም ብላለች። ደስታውም ጸጸቱም አንድ ላይ መጣባት፤ የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

ማዳም በመጨረሻ ሳቀች፤ ስቃ ሳትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። ይቅርታ ማለት አይሆንላትም፤ ሌላ ነገር ተናገረች።

"ወደ መክተብ አልደውልም። ግን ስሚኝ ፋና። መንገዱን ስትጠርጊ ከእኔ የደበቅሽው ጉንዳኑን አይደለም፤ በሽታዋን ነው። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ተዪው፤ እኔ ልየው።"

"ሐዲር፣ ማዳም" አለች ፋና፤ እሺ ማለቷ ነው። ማዳም እውነቷን ነበር፤ ፋና አልከፋትም።

ቆርቆሮው ተደፍቶ በሙቅ ውኃ ታጠበ። ጉንዳኖቹ ለጥቂት ቀናት እየመጡ ባዶውን ምንጣፍ ሲዞሩ ሰነበቱ፤ ፋና ጨርቁን አላነሳችባቸውም። የሚወስዱት ሲያጡ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ጠፉ። የማማ ሉልዋ ስኳርም ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሐኪሙ ተለምኖ ከጋህዋ፣ ከዐረቡ ቡና፣ ጋር በቀን አንዲት ተምር ፈቀደላቸው። ባባ መንሱር አሁንም ከሥራ ሲመለስ የእናቱን ግንባር ይስማል፤ ማዳም በሩ ላይ ቆማ ኪሱን ታያለች።

የፋሲካ ዕለት እሑድ ነው፤ እዚያ አገር ደግሞ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ማዳምም ባባም ወጥተዋል። ፋና ቅዳሴውን በስልኳ ሰምታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ለመፈሰኪያ አንድ እንቁላል ልትቀቅል ውኃ ጥዳ ነበር። ማማ ሉልዋ ከክፍላቸው ተጣሩ።

ስትገባ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የዒድ ሻሻቸውን አስረዋል።

"መግሪብሽ ደረሰ?"

"ደረሰ፣ ማማ።"

አሮጊቷ ከእጅጌያቸው ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ፈቷት። ግማሽ ተምር ናት።

"ዶክተሩ አንዲት ነው የፈቀደልኝ" አሉ። "ግማሿን በላሁ።"

ተምር በጾምም እንደሚበላ፣ ጾሙን ሙሉ በየቀኑ ልትበላው ትችል እንደነበር ፋና አፏ ላይ መጣና መልሳ ዋጠችው። ተምሯን ተቀበለች። እዚህ ቤት ስትጸልይ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ ነው፤ ማዕተቧም ከልብሷ ሥር ነው። በልማድ ወደ ኮሪደሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ዞር ማለቷ ለራሷ ገረማትና በማማ ሉልዋ ፊት፣ ቀስ ብላ፣ ከግንባሯ እስከ ደረቷ፣ ከግራ ትከሻዋ እስከ ቀኝ አማተበች።

"ቢስሚላህ" አሉ ማማ ሉልዋ ስለ እሷ።

ፋና ተምሯን አፏ ውስጥ አስገባች። አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው ስታላምጥ በጉጉት ያዩአታል፤ ድስት ላይ ቆመው ማንኪያውን ሲቀበሏት የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ግን ቀማሿ እሷ ሆናለች።

"እሺ? ምን ይቀረዋል?" አሉ።

"ምንም አይቀረውም፣ ማማ" አለች ፋና። "ምንም።"